የቤት አውቶሜሽን ልጀምር ነው፤ የትኛውን መቆጣጠሪያና ሶፍትዌር ልምረጥ?

ጀማሪው፦
ጤና ይስጥልኝ። የ11 መብራቶችን፣ የ2 በር ሴንሰሮችንና የአንድ የውኃ ፓምፕን ሥራ ከአንድ ቦታ መቆጣጠር እፈልጋለሁ። አሁን ያሉኝ 4 የዋይፋይ አምፖሎችና ለእነርሱ ማዘዣ የሚሆኑ 3 የተለያዩ የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳሎን መሐል ቆሜ ከስልኬ ጋር ስጣላ አመሸሁ። አምፖሉ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ትእዛዜ ግን የአምራቹ ሰርቨር ዘንድ ደርሶ ካልተመለሰ አይበራም! ፕሮግራም መጻፍ ጥቂት እሞክራለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሙያ የለኝም። ከሶፍትዌሮቹ ሆም አሲስታንት ይሻላል ወይስ ኦፕንሃብ? ዕቃዎቹን በሬዲዮ ከሚያገናኙት መንገዶችስ ዚግቢ ወይስ ዜድ-ዌቭ? ሶፍትዌሩንስ በምን ላይ ልጫነው?

ሽቦ ፈቺ፦
ወንድሜ፣ ከሶፍትዌሩ በፊት ግድግዳህን አስፈትሽ። ብሬከሩ ጠፍቶ የአንድ ማብሪያ ክዳን ይፈታ፤ ይህን ባለሙያ ይሥራልህ። ሁለት ሽቦ ብቻ ከታየ ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) እዚያ ላይኖር ይችላል። ማብሪያ የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ) ስለሆነ በብዙ ቤቶች ኒውትራሉ ወደ አምፖሉ በቀጥታ ያልፋል። ከማብሪያው ጀርባ የሚገባውና መብራቱን በሬዲዮ ትእዛዝ የሚያበራው ሞጁል ግን ራሱም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩም አሉ፤ በአምፖሉ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ይኖራሉ። አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ ሲሆን መብራቱ ጠፍቶም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።

ፓምፑን በተመለከተ ደግሞ ሞጁሉ ላይ በተጻፈው አምፔር አትታለል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። በአንድ ደንበኛዬ ቤት በሞጁሉ ውስጥ ያለችው የትንሿ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ) መገናኛ ቀልጦ ተጣብቆ አገኘሁት፤ ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ እያጓራ ነው፣ ውኃው በደረጃው ይወርዳል። ሞጁሉ ኮንታክተሩን (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌይ) ይዘዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ታንኩ ውስጥም ከሶፍትዌሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ውኃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆም ተንሳፋፊ ማብሪያ ይኑር።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሁለቱንም ሶፍትዌሮች ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም እቤትህ ባለ መሣሪያ ላይ ይሠራሉ። በጃቫ የተጻፈው ኦፕንሃብ የረጋ ነው፤ ነገር ግን አንድ መብራት እስኪበራ ድረስ ብዙ ያስጠናል። አንተ በሆም አሲስታንት ጀምር። መሣሪያዎችን በራሱ ያገኛል፣ አብዛኛውን ነገር በስክሪን ትጨርሳለህ፣ ስትቸገርም መልስ የሚሰጥህ ሰው አታጣም።

ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር) ወይም ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃሃል። ኤስዲ ካርድ ላይ ግን አትጫን ብዬ እለምንሃለሁ። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን ሴንሰር ለውጥ ቀንም ሌሊትም ይመዘግባል፤ ካርድ ይህን ሁሉ መጻፍ አይችልም። የእኔ በ8 ወሩ ሞተ፣ መጠባበቂያ ቅጂዬም ያለው እዚያው ካርድ ላይ ነበር። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ኤስኤስዲ (ብዙ መጻፍ የሚችል የኮምፒውተር ማከማቻ) ተጠቀም፤ ቅጂውንም ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

አንቴና፦
የሬዲዮውን እኔ ልመልስ። ዜድ-ዌቭ ከ1 ጊጋኸርትዝ በታች ስለሚሠራ ከዋይፋይ ጋር አይጋጭም፤ ሞገዱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በአውሮፓ 868፣ በአሜሪካ 908 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው፤ የአንዱ መሣሪያ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ዚግቢ በ2.4 ጊጋኸርትዝ በሁሉም ቦታ አንድ ነው፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። እኔ ዚግቢን እመርጣለሁ።

የዚግቢ መቀበያውን ግን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ አትሰካው። የእኔ የበር ሴንሰር በየማታው ይጠፋ ነበር፤ ባትሪ ቀየርኩ፣ ሴንሰሩን ራሱን ቀየርኩ፣ ጥፋቱ ግን ከዩኤስቢ 3 መሰኪያው የሚወጣው ረብሻ ነበር። የአንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ፈታው። ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ስለሚሠራ እንዳይጋጩ፣ ዋይፋይህን ቻናል 1 ላይ ካደረግህ ዚግቢውን 20 ወይም 25 ላይ አድርገው፤ ይህንንም መሣሪያ ሳታስገባ ወስን፣ በኋላ ስትቀይር አንዳንዶቹን እንደገና ማስተዋወቅ ይኖርብሃል።

እንግዳ፦
ማተር የሚሉት አዲስ ነገርስ? መጠበቅ አይሻልም?

አንቴና፦
ማተር የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እንዲግባቡ የወጣ የጋራ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያለ ኢንተርኔት እቤት ውስጥ መሥራቱም መልካም ነው። የምትፈልገው ዕቃ በማተር ከተገኘ ግዛው፤ እስኪበዛ ብሎ በጨለማ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ሆም አሲስታንት ማተርንና ዚግቢን ጎን ለጎን ያስኬዳል።

ጀማሪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ባለሙያ አምጥቼ አስከፈትኩ። ወጥ ቤት ኒውትራል አለ፤ ሳሎን ሁለት ሽቦ ብቻ። ለሳሎን የዚግቢ አምፖል ብገዛስ?

ሽቦ ፈቺ፦
ልጆች ማብሪያውን ባጠፉት ቁጥር አምፖሉ ኤሌክትሪክ አጥቶ ይሞታል፤ የሌሎቹን የዚግቢ ዕቃዎች መልእክት የሚያቀባብል ከሆነ እነርሱንም ይዞ ይጠፋል። ይልቅ ከጣሪያው ሥር ያለውን የማከፋፈያ ሳጥን አስከፍት። ብዙ ጊዜ ፌዙም፣ ኒውትራሉም፣ ከማብሪያው የሚመጡት ሁለቱ ሽቦዎችም የሚገናኙት እዚያ ነው። ሞጁሉ እዚያ ይገባል፣ የግድግዳው ማብሪያም እንደ ድሮው ይሠራል። ሳጥኑ ብረት ከሆነ ግን ሬዲዮውን ያፍነዋልና ከመግዛትህ በፊት ንገረኝ።

ጀማሪው፦
ፕላስቲክ ነው። ነገ አስከፍተዋለሁ።