ኬኒ ሚለር፦ ከሃዲ ወይስ ባለሙያ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ስኮትላንዳዊው አጥቂ ኬኒ ሚለር ለሬንጀርስ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት፣ በመካከሉም ለዚያው ለግላስጎው ከተማ ባላንጣው ለሴልቲክ ተጫውቷል። እንዲህ ክለብ የሚቀያይር ተጫዋች ለደጋፊ የታማኝነት ዕዳ አለበት? (ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮ ተከላካይ፦ አለበት እንጂ! የግላስጎው ፉክክር ሃይማኖትና የአየርላንድ ፖለቲካ የተጫነው ነው። በ1989 የቀድሞው የሴልቲክ አጥቂ ሞ ጆንስተን፣ ካቶሊክ ሆኖ የፕሮቴስታንቶች ክለብ ተብሎ የሚታወቀውን ሬንጀርስን ሲቀላቀል ስካርፋቸውን ያቃጠሉ ደጋፊዎች ነበሩ። ሚለር ይህን ሁሉ እያወቀ ተሻገረ። ሌላ ከተማ ጠፍቶ ነው?

ግራ ክንፍ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ ይመልከቱት። ሬንጀርስ በ2000 ከሂበርኒያን ገዛው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሴንት ሚረን መረብ በአንድ ጨዋታ አምስት ግብ አስቆጠረ። በተከታዩ ዓመት ግን ክለቡ መጀመሪያ በውሰት፣ ቀጥሎም በሽያጭ ለእንግሊዙ ክለብ ዎልቭስ አሳልፎ ሰጠው። ያን ጊዜ ስለ ታማኝነት የጠየቀ ማን ነበር? በዎልቭስ ዓመታት ቆየ፤ በ2003 ሸፊልድ ዩናይትድን 3 ለ 0 አሸንፈው ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድጉ አንዷ ግብ የእርሱ ነበረች። ወደ ሴልቲክ የሄደው በ2006 ውሉን ጨርሶ ነው። ማንንም አልሰረቀም! መስከረም 2006 ለሴልቲክ ሬንጀርስ ላይ አገባ፤ ነሐሴ 2008 ደግሞ ወደ ሬንጀርስ ተመልሶ፣ እዚያው ሴልቲክ ፓርክ ላይ ሁለት አስቆጥሮ 4 ለ 2 አሸነፉ። የለበሰውን ማሊያ ያላከበረበትን አንድ ጨዋታ ይጥቀሱልኝ።

መሃል ሜዳ፦ የተጫወተባቸውን የቱርኩን ቡርሳስፖርን፣ የዌልሱን ካርዲፍን፣ የካናዳውን ቫንኩቨርንም አትርሱ። እኔ ግን ሰውየውን የማውቀው በስኮትላንዱ ክለብ በሊቪንግስተን ነገር ነው። በ2018 ተጫዋች አሰልጣኝ አድርገው ቀጠሩት። ከሁለት የሊግ ጨዋታ በኋላ «መጫወቱን ትተህ አሰልጥን» የሚል ነገር ሲመጣ ኃላፊነቱን ለቆ ወጣ፤ በ38 ዓመቱ ለሌላው የስኮትላንድ ክለብ ለዳንዲ ሊጫወት ሄደ። የአሰልጣኝነት ወንበር እንኳ ከሜዳ አላስቀረውም።

የድሮ ተከላካይ፦ ጨዋታ መውደዱን አልካድኩም። ደጋፊ ግን ደመወዝ ሳይከፈለው፣ በዝናብ ቆሞ ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ነው። ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ደጋፊ የት ይሄዳል? ይህን ቁስል «ሥራ ነው» በሚል ቃል አትሸፍኑት።

ግራ ክንፍ፦ ቁስሉን አልሸፍንም ጋሼ። ግን ሬንጀርስ በ2012 በዕዳ ወድቆ ከታችኛው ዲቪዚዮን ጀምሮ ሲወጣ፣ ሚለር በ2014 ከካናዳ ተመልሶ በሁለተኛው እርከን ተጫውቶለታል። ከዚያ አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2013 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝ ላይ አግብቶ፣ በ69 ጨዋታ 18 ግብ ይዞ ከብሔራዊ ቡድን ተሰናብቶ ነበር። በዚያ ክብር ማረፍ ሲችል ወደ ሁለተኛ እርከን የወረደን ሰው ከሃዲ ማለት አልችልም።