ስልኩ 30% ላይ ሳለ ድርግም ብሎ ይጠፋል፦ ባትሪው ነው ወይስ ሶፍትዌሩ?

ናቲ27

ሰላም ለሁላችሁ። ስልኩ 3 ዓመት ያገለገለ አንድሮይድ ነው፤ ባትሪው 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው ይላል። ከ100 እስከ 40% ደህና ይወርዳል። ከዚያ በታች ግን ካሜራ ሲከፈት፣ ፍላሽ ሲበራ ወይም የቪዲዮ ጥሪ ሲጀመር 30% እያለ ድርግም ይላል። ጠዋት በብርድ ይብስበታል። ቻርጀር ሲሰካለት ወዲያው ይነሳና 28 ወይም 29% ያሳያል። *#*#4636#*#* ስደውል የባትሪው ሁኔታ «ጥሩ» ነው የሚለኝ። ፎርማት ላድርገው ወይስ ባትሪ ልቀይር? ባትሪው ከሆነ ደግሞ ስልኩን ሳልከፍት በምን ላረጋግጥ?

ሶልደር

ዋናውን ምልክት ራስህ ጽፈኸዋል፤ ቻርጀር ሲሰካ 28% ብሎ መነሳቱ። ኃይሉ አላለቀም ማለት ነው። ስልክን የሚያጠፋው ፐርሰንቱ ሳይሆን ቮልቴጁ ነው። ብዙ ስልኮች ባትሪው ከ3.3 ቮልት አካባቢ በታች ሲወርድባቸው ዳታ እንዳይበላሽ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል መቀነሱን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ውስጣዊ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ በባትሪው ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት) መጨመሩን ነው። በቁጥር እንየው። 30% ላይ ያለ ባትሪ ሥራ ሳይበዛበት 3.7 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ካሜራው ከነፍላሹ ሲነሳ ስልኩ ለአፍታ 2.5 አምፔር ሳበ እንበል። የባትሪው ሬዚስታንስ 0.08 ኦም ከሆነ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ነው፤ 3.5 ይቀራል፤ ስልኩ ምንም አይሰማውም። ያው ባትሪ አርጅቶ ሬዚስታንሱ 0.25 ኦም ሲደርስ ግን ከ0.6 ቮልት በላይ ይወድቅና 3.1 ገደማ ላይ ይገኛል። ስልኩ ጠፋ። ጭነቱ ሲነሳለት ቮልቴጁ ተመልሶ 3.7 ይሆናል፤ ለዚህ ነው ስትሰካው 28% የሚያሳይህ። ብርድ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፤ ጠዋት የሚብስበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አይፎን ላይ የታወቀው ጉዳይም ከዚህ የመጣ ነው። አፕል በ2017 መጀመሪያ በአይኦኤስ 10.2.1 ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀነሰ። ለተጠቃሚው በግልጽ ሳይነገር በመደረጉ ቁጣ አስነሳ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። በ2018 በአይኦኤስ 11.3 የባትሪ ጤና ገጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ኮድ የሚወጣው «ጥሩ» የሚል ቃል ስለ አቅም ምንም አይናገርም። ባትሪው ከመጠን በላይ አልጋለም፣ ቮልቴጁ ከልክ አላለፈም፣ ጨርሶ አልሞተም ማለት ብቻ ነው። ግማሽ አቅሙን ያጣ ባትሪም «ጥሩ» ሊባል ይችላል። በዚያ ገጽ ላይ የሚጠቅምህ የቮልቴጁና የሙቀቱ ቁጥር ነው።

ሳትከፍተው ለመሞከር፦ 35% አካባቢ ሲደርስ ኃይል መቆጠቢያውን አጥፋና ቮልቴጁን የሚያሳይ ማንኛውንም የባትሪ አፕ ክፈት። ስክሪኑን አደብዝዘህ ሁለት ደቂቃ ተወው፤ ቁጥሩን ያዝ። ከዚያ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ጨምረህ ፍላሹን አብርተህ ቪዲዮ ቅረጽ፤ ወደ አፑ ተመለስና እይ። ልዩነቱ 0.2 ቮልት ድረስ ከሆነ ጤነኛ እለዋለሁ፤ 0.4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው አብቅቶለታል። ቁጥሩ በየጥቂት ሰከንዱ ነው የሚታደሰው፤ በጣም አጭር የሆነውን ውድቀት አያሳይህም። ስለዚህ እውነተኛው ውድቀት ከምታየው የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም።

አቤል_ዲ

ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ግን ካሊብሬት አድርገው። ሦስት ጊዜ እስኪጠፋ ጨርሰህ 100% ሙላው፤ ካልሆነ ፎርማት አድርገው። ፐርሰንቱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል።

ሶልደር

አቤል፣ ያልከው ችግር በእርግጥ አለ፤ ምልክቱ ግን ሌላ ነው። ከጠፋ በኋላ ቻርጀር ስትሰካለት 0 ወይም 1% ካሳየ፣ ወይም ፐርሰንቱ ከ30 ዘሎ 5 ከገባ፣ ቆጣሪው ተሳስቷል። የባትሪ ቆጣሪ የሚገባና የሚወጣውን ኃይል እየደመረ የሚገምት ትንሽ ቺፕ ነው፤ ለወራት ከ40 እስከ 80% ብቻ ሲመላለስ ጫፎቹን ይረሳል። ለዚያ አንድ ጊዜ ይበቃል፦ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቀምበት፣ ሳታቋርጥ 100% አስገባው፣ ከሞላም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተሰክቶ ይቆይ። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ተጨማሪ ጥቅም የለውም። ጨርሶ ካልወረደ አይሞላም የሚባለው የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ጠባይ ነበር፤ ሊቲየም አዮንን ደጋግሞ ወደ ዜሮ ማውረድ ይጎዳዋል።

ፎርማት ደግሞ ሬዚስታንስ አይቀንስም። የሚረዳው የሆነ አፕ ከኋላ እየሠራ ባትሪውን በፍጥነት ሲጨርስ ነው፤ ያንንም ፎርማት ሳታደርግ በሴፍ ሞድ (የጫንካቸው አፖች ሳይሠሩ) አስነስተህ መለየት ትችላለህ።

ሦስተኛው ዓይነት ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ 80% እያለ የሚጠፋና ራሱን እያስነሳ የሚመላለስ ስልክ ነው። እዚያ ላይ ባትሪ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ የተጣበቀ የማብሪያ ቁልፍ፣ የላላ የባትሪ ኮኔክተር ወይም የቦርድ ችግር ሊሆን ይችላል።

ቴስተር_9

አቅሙንም በቁጥር ማወቅ ከፈለግክ በቻርጀሩና በኬብሉ መሃል የሚገባ ትንሽ የዩኤስቢ ሜትር ተጠቀም። እስኪጠፋ ተጠቀምበት፤ ጠፍቶ እንዳለ ሰካውና እስኪሞላ አትንካው። ታይፕ ሲ ያላቸው አንዳንድ ስልኮች ሲሰካባቸው ራሳቸው ይበራሉ፤ ከበራ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ስክሪኑን ዝጋው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሜትሩ ላይ የሚያዩትን ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጋር ያወዳድራሉ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር የተሰላው በ3.85 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሜትሩ የሚቆጥረው ደግሞ ቻርጀሩ በሚልከው 5 ወይም 9 ቮልት ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብህ ዋት ሰዓትን ከዋት ሰዓት ጋር ነው። 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.85 ሲባዛ 15.4 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሲሞላ ከ10 እስከ 15% በሙቀት ይባክናል፤ ጤነኛ ባትሪ ሜትሩ ላይ ከ17 እስከ 18 ማሳየት አለበት። 13 ካሳየህ ባትሪው ውስጥ የገባው 11.3 ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው አቅም 73% ማለት ነው። ከ80% በታች ከሆነና ስልኩም የሚጠፋ ከሆነ እኔ አላመነታም፤ ይቀየር።

ሚኪ_ጥገና

ለመቀየር ከወሰንክ ባትሪውን ስትመርጥ ነው ሥራው ግማሽ የሚያልቀው። በስልኩ ስም አትግዛ፤ አሮጌው ባትሪ ላይ የታተመውን የሞዴል ቁጥር ተከተል። ከሞዴሉ ሌላ የቻርጅ መጨረሻ ቮልቴጁም (4.4 ወይም 4.45 የሚለው) አንድ መሆን አለበት። ልኩ ያው ሆኖ «5,500» ተብሎ የተጻፈበት የ4,000 ባትሪ ውሸት ነው፤ እዚያ ቦታ ውስጥ ያን ያህል አይገባም። ሚዛን ካለህ መዝነው፤ የዚህ አቅም ባትሪ ከ55 እስከ 65 ግራም ይሆናል፤ 40 ግራም ከሆነ መልሰው። አዲስ ባትሪ በቴስተር ሲለካ ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት አካባቢ ነው የሚገኘው። ከ3 በታች የወረደ ከሆነ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ነው፤ አትቀበለው።

ስልኩን ከመክፈትህ በፊት ከ25% በታች አውርደህ አጥፋው። ባትሪው ቢወጋ የሚነደው ኃይል ያነሰ እንዲሆን ነው። ጀርባውን በፀጉር ማድረቂያ ዙሪያውን አሙቀው፤ እጅ መንካት የሚከብደው ያህል ሲሆን ይበቃል። ከዚያ ቀጭን ፕላስቲክ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ አስገብተህ ዙር። ከዚያ በላይ ከገባ ገመድ ትቆርጣለህ፤ የጣት አሻራው ጀርባ ላይ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን በአንድ ጊዜ እንዳትጎትተው፤ ገመዱ ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ ስልኩን ስለህ በየቦታቸው አስቀምጥ። ርዝመታቸው በጥቂት ነጥብ ነው የሚለያየው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊበሳው ይችላል።

ሌላ ምንም ሳትነካ የባትሪውን ኮኔክተር በፕላስቲክ አንሳ። ባትሪው በማጣበቂያ ሪባን ከተያዘ ሪባኑን ወደ ታች አዘንብለህ፣ በዝግታ፣ ሳታቋርጥ ሳበው። ሲበጠስ ካቻቢቴ አታንሳ! አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ90% በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥቂት ጠብታ በባትሪው ጠርዝ ሥር አስገባ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከሥሩ አሳልፈህ እንደ መጋዝ ሂድበት። ባትሪው ከታጠፈ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ከሰማህ ወደ ውጭ አውጣውና አሸዋ ላይ አስቀምጠው።

አዲሱን ከማጣበቅህ በፊት ኮኔክተሩን አስገብተህ አብራው፤ ቻርጅ፣ ካሜራ፣ ድምፅ፣ አሻራ ሞክር። ሁሉም ከሠራ በኋላ ማጣበቅ። የጀርባውን ማጣበቂያ በአዲስ ተካው፤ ቢሆንም ውኃ አያስገባም የሚለውን ከዚያ በኋላ አትመንበት። ከ2018 ወዲህ የወጡ አይፎኖች ያላችሁ ደግሞ፣ ባትሪው ከሌላ ከመጣ ትክክለኛነቱ አልተረጋገጠም የሚል መልእክት ቢያወጣ አትደንግጡ፤ ስልኩ ይሠራል፤ የጤናው ፐርሰንት ግን ላይታይ ይችላል።

የጀርባው ክዳን ከፍ ካለ ወይም ስክሪኑ በጠርዙ ከተነሳ ባትሪው አብጧል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ቻርጅ አታድርገው፤ አትጫነው፤ ጋዙን ላስወጣ ብለህም አትውጋው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ስጥ እንጂ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣለው።

ናቲ27

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቮልቴጁ ቪዲዮ ሲቀረጽ ከ3.71 ወደ 3.26 ወረደ፤ ሜትሩም 13.2 ዋት ሰዓት ነው ያሳየው። ባትሪው እስኪመጣ በምን ላቆየው? አዲሱስ እንዳያረጅ ቻርጀሩ 33 ዋት መሆኑ ይጎዳዋል?

ሰላም_ኤስ

እስኪመጣ ኃይል መቆጠቢያውን ሁልጊዜ አብራው፤ ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚስበውን ይገድብልሃል። ስክሪኑ 90 ወይም 120 ኸርዝ ከሆነ ወደ 60 አውርደው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስልኩ ሲግናል ለመላክ ብዙ ስለሚስብ ዋይፋይ ካለ እሱን ተጠቀም። ከ40% በታች እንዳይወርድ ሞክር፤ በብርድ ደግሞ ከውስጥ ኪስህ አኑረው።

33 ዋት በራሱ አይጎዳም። ስልኩ 33 የሚስበው ባዶ ሲሆን ነው፤ ከግማሽ በላይ ሲሞላ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚጎዳው ሙቀትና ከፍተኛ ቮልቴጅ አብረው ሲቆዩ ነው፦ ፀሐይ ላይ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ እየሞላ ካርታ የሚያሳይ ስልክ፣ ወፍራም ሽፋን ለብሶ እየሞላ ጌም የሚጫወቱበት ስልክ፣ በትክክል ሳይቀመጥ ገመድ አልባ ቻርጀር ላይ የሚያድር ስልክ። ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ አትሙላው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ጨርሶ አትሙላ፤ ሊቲየሙ በአኖዱ (በባትሪው ውስጥ ባለው ኔጌቲቭ ክፍል) ላይ ይለጠፍና አቅሙ ተመልሶ አይመጣም።

ሌሊት ተሰክቶ ማደሩ አያፈነዳውም፤ 100% ሲሞላ ይቆማል። ችግሩ ስድስትና ሰባት ሰዓት በከፍተኛው ቮልቴጅ መቆየቱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ሥር 80% ላይ የሚያቆም አማራጭ ካለ አብራው። ሳምሰንግ «ባትሪ ጥበቃ» በሚል አለው፤ አይፎን ከ15 ጀምሮ አለው፤ ጉግል ፒክስልም በአዳዲሶቹ ላይ ጨምሮታል። ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውልበት ቀን ሲመጣ አጥፍተህ 100% ሙላው፤ በወር ጥቂት ጊዜ መሙላቱ ምንም አይለውም።

አሮጌው ስልክ ሌላ አዲስ ስልክ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ሞልተህም ባዶ አድርገህም አታስቀምጠው። 50% ላይ አጥፋው፤ በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ አውጥተህ ወደ 50 መልሰው።