አባቴ «የሚያየኝ ለእኔ ነው ለእናንተ?» አለን፤ ቤት ውስጥ ሮቦት የሞከራችሁ አላችሁ?

የበኩር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። አእምሮው ከእኔ ይነቃል። የከዳው ጉልበቱ ነው፤ ከወንበር ሲነሳ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ይጫንና «ተነስ!» ብሎ ራሱን ያዛል። እኔና ወንድሜ እየተፈራረቅን እናየዋለን እንጂ አብረነው አንውልም። ማታ ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ወደቀ» ብዬ ነው የማነሳው።

ወንድሜ «ሮቦት እንግዛለት» ብሎ ይዞኛል። መድኃኒት የሚያስታውስ፣ ቤቱን እየዞረ በካሜራ የሚቃኝ፣ ቢወድቅ የሚደውልልን። ለአባቴ ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «የሚያየኝ ለእኔ ነው ለእናንተ?» አለ። ወንድሜ «ለሁላችንም ነው» አለው። እኔ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ለእኛ ነው።

ሰው ምን ይላል ብዬ ሳገላብጥ ያገኘሁት ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩሮባሮሜትር በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የአስተያየት ጥናት ላይ 60 ከመቶው መላሽ «ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በመንከባከብ ሥራ ሮቦት ይከልከል» ብሏል። በ2017 ደግሞ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አሜሪካውያንን ሲጠይቅ፣ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ሮቦት ተንከባካቢ ቢኖር ፍላጎት ያለው 41 ከመቶ ብቻ ሆነ። አብዛኛው መላሽ ግን እንዲህ ያለ ሮቦት በዓይኑ ያየ አይመስለኝም። ስለዚህ ያያችሁትን እናንተን ልጠይቅ፤ ሰውየው ተቀበለው? ያስቀበለውስ ምንድን ነው? የሻጭ ማስታወቂያ አትላኩልኝ፣ ጠግቤያለሁ።

የማታ ተረኛ፦

እህቴ፣ እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ፓሮ የሚባል የጃፓን ሮቦት አለን። የአቆስጣ (በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር እንስሳ ነው) ግልገል መልክ ያለው፣ ነጭ ፀጉር የለበሰ፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ የማይሞላ። ሲዳብሱት ዓይኑን ይከድናል፣ ሲጠሩት ዞር ይላል። የሠራው ታካኖሪ ሺባታ መጀመሪያ ውሻና ድመት ሞክሮ ነበር፤ ሰው ከእውነተኛው ጋር እያስተያየ እንከን አወጣበት። አቆስጣን ግን በቅርብ የሚያውቅ ስለሌለ የሚያስተያየው ነገር አጣ። በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ እንደ ሕክምና መሣሪያ ነው የሚቆጠረው።

የመርሳት ችግር ያለባቸው አንዲት እናት አሉን፤ ሲመሽ «ቤቴ ልሂድ» እያሉ በር ይደበድባሉ። ፓሮን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ጢሙን እየነካኩ ይረጋጋሉ፣ እንዳይበርደው ብርድ ልብሳቸውን ያካፍሉታል። እዚያው አጠገብ ክፍል ላሉት ለቀድሞው መምህር ስሰጣቸው ግን ገልብጠው ሆዱን አዩና «ቻርጅ የሚደረገው በየት ነው?» አሉኝ። በአፉ ነው፤ መሰኪያው የሕፃን ማጥቢያ ተመስሎ ነው የተሠራው። ያንን ሳሳያቸው ይባስ ተቆጡ። የአባትሽ አእምሮ እንደምትዪው ከሆነ አሻንጉሊት ነገር እንዳታመጡባቸው።

ደግሞ አንድ የታዘብኩት አለ። ሰዎች «ማሽን አይነካኝም» ብለው ይጀምራሉ፤ ግን ከሁሉ ቀድመው ማሽን የሚፈቅዱት መጸዳጃ ቤት ነው። ውኃ ረጭቶ የሚያደርቅ መቀመጫ ካስገባን ወዲህ፣ እኔ ሳጥባቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ የነበሩ አባት በር ዘግተው ራሳቸውን ይችላሉ። ሮቦት ላትሉት ትችላላችሁ። እሳቸው ግን የእኔን እጅ ቢያመሰግኑም አልናፈቁትም።

ሽቦና ብሎን፦

የምህንድስናውን ልጨምር። ወንድምሽ «ቢወድቅ» ሲል ሮቦቱ ያነሳዋል ብሎ እያሰበ ከሆነ ይርሳው። ጃፓን ውስጥ ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም በ2015 ሮቤር የሚባል፣ ሰው ከአልጋ የሚያነሳ ድብ መሳይ ሮቦት አሳይቶ ነበር። ክብደቱ 140 ኪሎ! ሰው ተሸክሞ እንዳይገለበጥ ራሱ ከባድ መሆን አለበት። ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ዛሬ ለቤት የሚሸጡት ያስታውሳሉ፣ ያወራሉ፣ ያያሉ፣ ይደውላሉ፤ በቃ።

በ2022 የኒው ዮርክ ግዛት ከ800 በላይ ለሆኑ አረጋውያን ለማደል የመረጠውን ኤሊኪውን እዩት። እግር የለውም፣ እጅ የለውም፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ፊት እንኳ የለውም፤ ሲያናግሩት አንገቱን ብቻ ያዘነብላል። ይህ አውቀው ያደረጉት ነው። ጃፓናዊው የሮቦት ተመራማሪ ማሳሂሮ ሞሪ ገና በ1970 እንደጻፈው፣ ማሽን ሰው ሊመስል ትንሽ ሲቀረው ያስጠላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ምስሉ የት ይቀመጣል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይሠራል? ኩባንያው ቢዘጋስ? ጂቦ የሚባለው የቤት ሮቦት በ2019 ሰርቨሩ (በኢንተርኔት ከሩቅ የሚያሠራው የኩባንያው ኮምፒውተር) እንደሚዘጋ ራሱ ለባለቤቶቹ ተናግሮ ነው የተሰናበተው። ለወጣት ቀልድ ነው፤ ከእሱ ጋር ማውራት ለለመደ አረጋዊ ሌላ ነገር ነው። መውደቅን ብቻ ለማወቅ ከሆነ ደግሞ ምስል የማይቀርጽ፣ በራዳር እንቅስቃሴን የሚለይ መሣሪያ አለ። ካሜራ የግድ አይደለም።

ጡረተኛዋ፦

ልጄ፣ እዚህ ሁሉ ስለ እኛ ያወራል፤ እኔ ራሴ አሮጊት ነኝና ልናገር። ልጄ ጎማ ያለው፣ ስክሪን የተሸከመ ሮቦት አመጣችልኝ። ስትደውል እኔ ሳላነሳ ራሱ ይከፈታል፤ «ለደኅንነትሽ ነው» አለችኝ። አንድ ቀን ከገላ መታጠቢያ ስወጣ ፊቷ መተላለፊያው ላይ ቆሞ «እማ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል። ፎጣ ጣልኩበት። ያለኝ አንድ ፎጣ ነበር፣ እሱን ነው የጣልኩበት።

ከዚያ ተቀምጠን ተደራደርን። መጀመሪያ ይጠራል፣ እኔ ነኝ የማነሳው፤ ደጋግማ ደውላ ካጣችኝ ብቻ ይከፈታል። መኝታ ቤት አይገባም። ማጥፊያው የእኔ ነው፣ ሳጠፋው «ለምን» አልባልም። አሁን መድኃኒቴን ያስታውሰኛል፣ እኔም «ውጬዋለሁ አንተ ጨቅጫቃ» እለዋለሁ። ማጥፋት እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። እናንተ ግን አባታችሁን ይግባ አይግባ ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት። ምን እንደቸገራቸው ጠይቃችኋል?

የበኩር ልጅ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ጠየቅነው። መድኃኒት እረሳለሁ አላለ፣ ብቸኝነት አላለ። መጀመሪያ ያለው «ካልሲ» ነው። ጎንበስ ብሎ ማጥለቅ ስለማይችል ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይታገላል፤ ለዚህ ነው ለካ በባዶ እግሩ የምናገኘው፤ እኛ ሞቆት ይመስለን ነበር። ራዳሩን ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ፈቅዷል፣ ካሜራ ግን በፍጹም። ወንድሜ አኩርፏል። ሽቦና ብሎን፣ ካልሲ የሚያለብስ ሮቦት አለ?

ሽቦና ብሎን፦

ለቤት የሚሆን የለም። ጨርቅ ቅርጹን ስለሚለዋውጥ ለሮቦት ከከባድ ሥራዎች አንዱ ነው። ግን ሁለት ገመድ ያለው ጎባጣ ፕላስቲክ አለ፤ ካልሲው እሱ ላይ ይጠለቃል፣ እግር ይገባል፣ ገመዱ ይሳባል። ባትሪ የለውም። የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ጠይቂ፤ ሰፋ ያለውን ውሰጂ፣ ጠባቡ ተረከዝ ላይ ይይዛል።