ፍሉኮናዞል አልሰራ ያለው የአፍና የጉሮሮ ፈንገስ፣ እባካችሁ የምታውቁ

የሐይቋ፦
እንዴት ናችሁ ጀመዓው፣ የቸገረኝ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት። ታላቅ እህቴ ቫይረሱ (ኤችአይቪ) በደሟ እንዳለ ካወቀች ቆይታለች፣ መድሃኒቷን እየወሰደች ደህና ነበረች፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴ የገባ ጊዜ መንገዱም ጤና ጣቢያውም ሲዘጋ ተቋረጠባት፣ ሲረጋጋ እንደገና ጀመረች። አሁን ያሰቃያት አፏ ነው። ምላሷና ላንቃዋ ላይ እንደ እርጎ ነጭ ነገር ይጋገርባታል፣ በጨርቅ ስትጠርገው ስሩ ቀልቶ ይደማል። መጀመሪያ አፍ ውስጥ የሚያዝ ኒስታቲን ሰጥተዋት ተሽሏት ነበር፣ ሲመለስባት ከፋርማሲ ፍሉኮናዞል ባለ 150ዋን አንድ ፍሬ ገዝታ ዋጠች ጠፋላት፣ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ገዛች፣ እንዲህ እያለች ስትገፋው ከረመች አሁን ግን ብትውጠው ባትውጠው ለውጥ የለውም። ይባስ ብሎ ምግብ ስትውጥ ደረቷ መሃል ይይዛታል ያቃጥላታል፣ በርበሬ የነካው ወጥ ከተወች ቆየች በአጥሚት ነው ያለችው፣ ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል።
ፈንገሱ መድሃኒቱን ለምዶታል ኬቶኮናዞል ግዢላት ያለኝ ሰው አለ፣ ልግዛላት? ከፍሉኮናዞል የሚበልጥ ጠንካራው የቱ ነው? ክሊኒክ ሂጂ ስላት ቀጠሮዬ አልደረሰም ደሞ ሰው ያየኛል ትላለች። ከልጆቿ ጋር በአንድ ትሪ ነው የምትበላው ይተላለፍባቸው ይሆን ብላም ትጨነቃለች። አፈር ስሆን ዝም አትበሉኝ።

ሲስተር ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ መላ ያለው ነገር ነው ግን ከፋርማሲ መግዛቱ ዛሬውኑ ይቁም። ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድሃኒት) ክሊኒክ ስለምሰራ እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎች አያለሁ። ሲውጡ ደረት መሃል መያዝ ካለ ፈንገሱ ከአፍ አልፎ ምግብ መውረጃው ቧንቧ ገብቷል ብለን ነው የምንጀምረው፣ የአለም ጤና ድርጅት ደረጃ አራት፣ የመጨረሻው ከባዱ የኤችአይቪ ደረጃ ውስጥ የመደበው ነው ማለትም ሰውነቷ መከላከል አቅቶታል ማለት ነው። ህክምናው ደግሞ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ለ14 እስከ 21 ቀን በተከታታይ ነው፣ አንድ ፍሬ ባለ 150 ለሴቶች የብልት ፈንገስ የሚሰጥ ልክ እንጂ ለዚህ የሚሆን አይደለም። ትንሽ ወስዶ ሻል ሲል መተው፣ እንደገና ትንሽ መውሰድ፣ መላመዱን የሚያመጣውም እሱ ነው።
ግን እኔን ከፈንገሱ በላይ ያሳሰበኝ ቫይራል ሎዷ፣ ደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። ሲዲፎሯ (በሽታ የሚከላከለው የነጭ ደም ሴል ቁጥር) ከ200 በላይ ሆኖ ቫይረሱ ታፍኖ ቢሆን ኖሮ ፈንገስ እንዲህ አይጫወትባትም ነበር። መጨረሻ የተሰራችው መቼ ነው? ውጤቱስ ተነግሯታል? የምትወስደው የቫይረሱ መድሃኒት ቴኖፎቪር ላሚቩዲን ዶሉቴግራቪር ያለበትን አንድ ፍሬውን ነው? ስትውጥ ሲያቃጥላት ጨጓራ መስሏት የጨጓራ ሽሮፕ እየጠጣች እንዳይሆን አጣሪልኝ። ሽሮፑ ውስጥ ያለው ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል ወደ ደም አያሳልፈውም፣ ኪኒኑ ከሽሮፑ 2 ሰዓት በፊት ወይ 6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። በየቀኑ እየዋጠች ቫይራል ሎዷ ሊወጣ የሚችልበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።
ራስ ምታት የማይለቅ፣ ትኩሳት፣ አንገት መድረቅ፣ የአይን ብዥታ፣ ሳል ካላት ደግሞ ቀጠሮ እንኳን አትጠብቂ። ክሪፕቶኮከስ የሚባል ማጅራት ገትር የሚያመጣ ሌላ ፈንገስ አለ፣ ሲዲፎሩ ከ200 በታች የሆነ ሰው ምልክት ባይኖረውም የደም ምርመራው ሊሰራለት ይገባል፣ ለአፍ ፈንገስ በሚወሰድ ፍሉኮናዞል ብቻ እሱ አይድንም። ቲቢም አብሮ ይታያል።

የላብራቶሪ ሰው ኮምቦልቻ፦
ሲስተር ያለችው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ መላመዱ ልጨምር ምክንያቱም ሰው "ጠንካራ መድሃኒት" ሲል ነገሩ የጥንካሬ ጉዳይ እየመሰለው ነው። ፍሉኮናዞል የሚሰራው ፈንገሱ የላይ ሽፋኑን የሚሰራበትን ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት እንዳያመርት ኢንዛይሙን ይዞበት ነው። ፈንገሱ ደግሞ መድሃኒቱ በደካማ መጠን እየደጋገመ ሲመጣበት አንዳንዱ ኢንዛይሙን ይቀይረዋል መድሃኒቱ አይገጥምለትም፣ አንዳንዱ የገባውን መድሃኒት እየገፋ የሚያስወጣ ፓምፕ ያበዛል። አፍ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ለፍሉኮናዞል ይታዘዛል። ካንዲዳ ክሩሴይ የሚባለው ግን ከተፈጥሮው ፍሉኮናዞል አይነካውም፣ ግላብራታ የሚባለውም በቀላሉ እጅ አይሰጥም፣ አንድ ሰው አፍ ውስጥ ሁለት አይነት አብሮ ሊኖርም ይችላል፣ አልቢካንሱን ስትገድይው ሌላው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ከአፏ ናሙና ተወስዶ ካልቸር ተሰርቶ፣ ማለትም ፈንገሱ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ተደርጎ፣ የቱ አይነት እንደሆነና የቱ መድሃኒት እንደሚገድለው ቢታይ ነው የሚሻለው፣ ካልቸር በየጤና ጣቢያው አይሰራም፣ ሪፈር ስትባል ጠይቁ፣ ደግሞ አዲስ መድሃኒት ከመጀመሯ በፊት ናሙናው ቢወሰድ ይሻላል።
ኬቶኮናዞል አትግዢ በፍጹም። የሚዋጠው ጉበት ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ለፈንገስ እንዳይሰጥ አስቁሞታል፣ ደግሞም የፍሉኮናዞል ዘመድ ስለሆነ አንዱን የለመደ ፈንገስ ሌላውንም ሊለምደው ይችላል። ፍሉኮናዞል በልኩና በጊዜው ተወስዶ እምቢ ካለ ሃኪሙ የሚሄድባቸው አሉ፣ ኢትራኮናዞል በተለይ ፈሳሹ፣ ፖሳኮናዞል፣ ካልሆነም በደም ስር የሚሰጡት እነ አምፎቴሪሲን ቢ እና ካስፖፈንጊን። አምፎቴሪሲን ኩላሊት ስለሚነካ ተኝቶ በክትትል ነው የሚወሰደው። የቲቢ መድሃኒት ሪፋምፒሲን የምትወስድ ከሆነ ፍሉኮናዞሉን ይቀንሰዋል ንገሯቸው፣ እርግዝና ካለም እንዲሁ።
የልጆቹን ነገር ተይው፣ ካንዲዳ ጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥም ያለ ነው፣ አብሮ በመብላት የሚያሳምም አይደለም፣ ቫይረሱም በትሪ አይተላለፍም። አብረው ይብሉ።

አብሮ አደግ ወልድያ፦
እኔም ቫይረሱ በደሜ አለ፣ መድሃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 በፊት የነበረውን ጊዜ አውቀዋለሁ፣ ይሄ የአፍ ነገር ያኔ ስንቱን ሰው ከመብል ለይቶት ነበር። ወላሂ እኔን ያዳነኝ የፈንገስ መድሃኒት ብቻ አይደለም፣ ሲዲፎሬ ሲነሳ ነው አፌ የጸዳው። እህታችን ሰው ያየኛል ላለችው ክሊኒክ መቀየር መብቷ ነው፣ ትራንስፈር ጻፉልኝ ብላ ከሐይቅ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ መሄድ ትችላለች፣ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል ማንም ለምን አይላትም። ካርዷን ሳትይዝ ግን እንዳትሄድ፣ የወሰደችው መድሃኒት ታሪክ እዛ ላይ ነው ያለው።
ጸበል ላይ መድሃኒት ተዪ የሚላት ሰው ካለም አትስማ፣ አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ ጸበሉና መድሃኒቱ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ዱዓውም እንደዛው፣ እየተደረገላት ኪኒኗን ትዋጥ። ለምግቡ ለብ ያለ አጥሚት፣ ወተት፣ የተፈጨ ድንች ይወርድላታል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ቀንሱላት፣ ከበላች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ።

የሐይቋ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሲስተር ያልሽው ሆኖ ተገኘ፣ የጨጓራ ሽሮፕ ትጠጣለች፣ ያውም ጠዋት ከኪኒኗ ጋር አከታትላ ነው። እኔም እሷም እንደማይስማሙ ማንም አልነገረንም። ኪኒኑ ዶሉቴግራቪር ያለበት ነው። ቫይራል ሎድ ደም ሰጥታ ነበር ውጤቱን ግን አልጠየቀችም። ራስ ምታት ሰሞኑን አለባት ትላለች ግን በደንብ ስለማልበላ ነው ትላለች። ሰኞ ብወስዳት ይደርሳል?

ሲስተር ከደሴ፦
ራስ ምታት ካለ ሰኞ አይጠበቅም እህቴ፣ ነገ ጠዋት ውሰጃት፣ ማታ ቢብስባት፣ ካስመለሳት ወይ ከተደናገረች ድንገተኛ ክፍል በሌሊትም ይቀበላል። የቀጠሮ ቀን ካልደረሰ አይታይም የሚባል ነገር የለም፣ ታማ ስትመጣ ቀጠሮ አይጠየቅም። ቤት ያለውን መድሃኒት ሁሉ ሽሮፑንም ባዶ ማሸጊያውንም በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ስንት ፍሉኮናዞል በምን ያህል ጊዜ እንደዋጠች ሳትደብቁ ንገሩ፣ ሃኪሙ ፈንገሱ ለምዷል ወይስ መድሃኒቱ አንሶ ነው የሚለውን የሚለየው ከዛ ነው። ሲዲፎር፣ የክሪፕቶኮከስ ምርመራ፣ የቲቢ ምርመራ ይሰራልኝ በዪ፣ የድሮውን የቫይራል ሎድ ውጤትም ካርዷ ላይ ይፈልጉላት። ከ1000 በላይ ከሆነ ወዲያው መድሃኒት ይቀየራል ማለት አይደለም፣ አወሳሰዷ ይስተካከላል፣ የምክር ክትትል ይደረግላትና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፣ ሽሮፑን ካቆመች በዛው ሊወርድላት ይችላል።
በልኩ ፍሉኮናዞል ጀምራ በሳምንት ውስጥ መዋጥ ካልቀለላት ተመልሳ ትምጣ፣ ያኔ ኢንዶስኮፒም (በካሜራ የምግብ ቧንቧውን ማየት) ካልቸርም ይታሰባል ምክንያቱም ሄርፒስና ሲኤምቪ የሚባሉ ቫይረሶችም ጉሮሮ ላይ እንዲሁ ያቆስላሉ። የጠዋት ኪኒኗን ነገም እንዳትዘልል፣ ሽሮፑን ብቻ ትተወው።

የሐይቋ፦
እሺ ሲስተር፣ ሌሊት 12 ሰዓት ላይ የደሴን ሚኒባስ እንይዛለን። አሳምኛታለሁ፣ ካርዷንም አውጥታ አስቀምጣለች።