ክርክር፦ የተማሪውን ኪስ የሚያራቁተው ማነው?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ከበዓል ወዲህ በሰሜን ሸዋ ወላጆችና ተማሪዎች መካከል አንድ ጉዳይ እያወዛገበ ነው። ኮሌጅ የገባው ልጅ ከቤት የተላከለትን ብር ቲክቶክ ላይ ላየው ጫማ፣ በቴሌግራም ላዘዘው ልብስ ያውለዋል። አንዳንድ ወላጆች "ግቢዎች ዋይፋያቸው ላይ ቲክቶክን ይዝጉ" ይላሉ። ተማሪዎች ደግሞ መዝጋት አያዋጣም ባይ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሰውም የግቢም ስም አንጠቅስም። የተሳደበ ይወጣል።

አባት፣ ከመንዝ
እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ። የመንዝ በግ በምን ልፋት እንደሚያድግ ያሳደገው ያውቀዋል። ልጄ "አባባ፣ ለሞጁል ማባዣ ብር ላክልኝ" ብላ ስትደውል ከበረቱ የተሻለውን ነድቼ ገበያ አወጣሁ። ለበዓል ስትመጣ ነጭ ጫማ ተጫምታለች። ያምርባታል፣ አልዋሽም። "ስንት ተገዛ?" ስላት ግን አንገቷን ደፋች። ይቺ ልጅ ከእኔ የምትደብቀው ነገር ኖሯት አያውቅም። ድሮ ተማሪ የሚያምረው ጓደኛው የለበሰው ነበር። አሁን አንድም ቀን የማያገኘው የዱባይ ሰው የለበሰው ያምረዋል። ይህን ስልኩ ካላመጣው ማን አመጣው?

ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት፣ ደብረ ብርሃን
ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል። የእኔም አባት አራሽ ነው። ቲክቶክ ቢዘጋ ግን ሱቁ አይዘጋም፤ ሱቁ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም ይዘጋ እንዳንል ደግሞ ትምህርታችንም እዚያው ነው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ያለፉት ጥያቄዎች፣ የመምህራን ስላይድ፣ የክፍል ማስታወቂያ ሁሉ የሚለቀቀው ቴሌግራም ላይ ነው። ጥያቄ ለማውረድ ገብተህ ስትፈልግ መሀል ላይ ጫማ ይጠብቅሃል።

አሻሻጡን ልንገርዎት። አንዲት ልጅ ቲክቶክ ላይ አዲስ የገዛችውን እየለበሰች ታሳያለች። እንደ እህት ነው የምታወራው። ተከፍሏት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ሥር ሊንክ አለ። ሊንኩን ስትነካ ቴሌግራም ይከፈታል። ፎቶ፣ የጫማ ቁጥር ከ37 እስከ 43፣ "ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን" የሚል ጽሑፍ። ዋጋ የለም። "ዋጋ በኢንቦክስ" ይላል። ኢንቦክስ ስትገባ ሻጩ "ውዴ" ብሎ ይቀበልሃል፣ ቁጥርህን ይጠይቅሃል፣ "ላንተ አስቀምጬልሃለሁ" ይልሃል። ዋጋው የሚነገርህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ "ተወደደብኝ" ብሎ መውጣት ይከብዳል። ብሩ ቅድሚያ ይላካል። ዕቃው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ መነኻሪያ ሄደህ ከረዳቱ ትቀበላለህ። ሳትለካ፣ ሳታገላብጥ፣ ሳትከራከር። አባቴ በግ ሲገዛ እንኳ ላቱን ሳይዳስስ ብር አያወጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ ሳይነገር የሚመጣ ማስታወቂያ፣ ዋጋው የተደበቀ ዕቃ። ወጣት መልበስ አማረው ብሎ መውቀስማ ቀላል ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ልጅ ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲመታው ጃኬት ቢገዛ ቅብጠት ነው እንዴ?

ባለሱቅ፣ ጠባሴ
ጃኬቱን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር እኔ ጋ ይግዛዋ! ኪራይና ግብር እየከፈልኩ፣ ዋጋ ለጥፌ ተቀምጫለሁ። መጥተው ይለካሉ፣ ቁጥራቸውን ያረጋግጣሉ፣ ፎቶ አንስተው ይወጡና ከቴሌግራም ያዛሉ። የእኔን ሱቅ መለኪያ ክፍል አደረጉት። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ "አስተካክልልኝ" ብለው እኔው ጋ ይመጣሉ።

የቴሌግራም ሻጭ፣ 2ኛ ዓመት ተማሪ
ሁሉም ሻጩ ላይ ስለዘመተ እኔም ልናገር። እኔ የምማረው ልብስ እየሸጥኩ ነው። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ደስ ብሎን ነበር። ኖን ካፌ ሆኖ፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትቶ በጀቱን በብር እየተቀበለ፣ በ100 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ለመብላት የሞከረ ግን ምን ያህል እንደሚጎድል ያውቀዋል። ቀሪውን ከቤት አልጠይቅም፤ ሠርቼ እሞላዋለሁ። ዋጋ የማልለጥፈው ሌላው ሻጭ አይቶ ትንሽ ቀንሶ ስለሚለጥፍብኝ ነው። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የመርካቶ ዋጋ አይጨበጥም። ዛሬ የለጠፍኩት ዋጋ ነገ ያከስረኛል። የምሸጠውን ዕቃ ራሴ መርጬ ነው የማመጣው። ሁላችንንም አጭበርባሪ አታድርጉን።

የጤና ተማሪ
ስለ ብድሩ ማንም አላነሳም። ድሮ ብር አለቀ ማለት አለቀ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ በኋላ ስልክ ላይ ትንንሽ ብድር ተጨመረ። "እንደኪሴ" የሚባለው ሂሳብህ ሲያንስ ጎደሎውን ሞልቶ ይከፍልልሃል። ለታመመና ለቸገረው ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ዶርም ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። ልጁ በብድር ጫማ ይገዛል። በወሩ አባቱ ሲልክለት ብሩ ገና እንደገባ ለዕዳው ይቆረጣል። ሞጁሉ ሳይባዛ ይቀራል። ስለዚህ ድጋሚ ይደውላል፣ ድጋሚ በግ ይሸጣል።

አባት፣ ከመንዝ
ብድር መኖሩን አሁን ከእናንተ ሰማሁ። እንግዲያው የባሰውን ይዘጋ! በነሐሴ 2015 በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ልጆቹ እርስ በርስ ሲጨዋወቱ አይቻለሁ። ቀና ብለው ሰው ያዩ ነበር።

ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት፣ ደብረ ብርሃን
ጋሼ፣ በዚያው ጊዜ የሥራ ማመልከቻ ለመላክ አዲስ አበባ ድረስ የተሳፈረ ጓደኛ አለኝ። የትራንስፖርቱ ብርም ከአባቱ ኪስ ነው የወጣው። ያን ጊዜ እንዲመለስ አይመኙልን።

የሕግ መምህር
ለአባትም ለተማሪውም አንድ ነገር ላክል። አዲስ ክልከላ ከመፈለግ በፊት ያለው ሕግ ይሥራ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በኢንተርኔት የሚሠራጨውም ከዚህ አያመልጥም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። "ዋጋ በኢንቦክስ" ከዚህ ጋር አይሄድም። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ገዢው በ15 ቀን ውስጥ "ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ" ማለት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በክፍሌ ውስጥ ስጠይቅ እጁን የሚያወጣ የለም። ሻጯ እህቴ፣ ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ የለጠፍሽበትን ቀን ጻፊበት። "እስከ ዓርብ ብቻ" በይ። ስለ መዝጋቱ ደግሞ፣ ግቢው ዋይፋይ ላይ ቢዘጋ ልጁ ጥቅል ገዝቶ በዳታ ይከፍተዋል። ያ ራሱ ሌላ ወጪ ነው።

የቴሌግራም ሻጭ፣ 2ኛ ዓመት ተማሪ
ቀን ጽፌ መለጠፍ እችላለሁ። ብቻዬን ከለጠፍኩ ግን ገበያዬ ይሄዳል። ሌሎቹም ይገደዱ።

ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት፣ ደብረ ብርሃን
እዚህ ላይ ተስማማን። የግቢ ግሩፖችን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ዋጋ የሌለው ዕቃ እንዳይለጠፍ ማድረግ ይችላሉ። ተከፍሎበት የተሠራ ቪዲዮም ከላዩ "ማስታወቂያ" ይባልበት። የ1ኛ ዓመት ተማሪ ሲገባ ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ገለጻ ይሰጠዋል። መምህር ስለ 15 ቀኑ የነገሩንና የስልክ ብድሩ እንዴት እንደሚቆረጥ በዚያው ይነገረው። ለተማሪዎች ኅብረት ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ባለሱቅ፣ ጠባሴ
እኔም እፈርምበታለሁ።

አባት፣ ከመንዝ
መዝጋቱን እኔ አሁንም አልተውኩትም። ግን መምህር፣ ልጠይቅዎት። የልጄ ጫማ ሶሉ ለቋል። ከተገዛ 15 ቀን አልሞላውም። ደረሰኝ ግን አልተሰጣትም። ወዴት ትሂድ?

የሕግ መምህር
የከፈለችበት መልእክት ስልኳ ላይ አለ፤ እንዳትሰርዘው። ከሻጩ ጋር የተጻጻፈችውንም ስክሪንሾት ታድርግ፤ ሻጩ ሊያጠፋው ይችላል። የለቀቀውን ሶል ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ በጽሑፍ ትጠይቀው። እምቢ ካለ ይህን ሁሉ ይዛ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ትሂድ። ሲደውሉላት ግን እንዳይቆጧት፤ ከፈራች የሻጩን አድራሻ ለእርስዎም አትነግርዎትም።