አባቴ የጉበት ቫይረስ ሲ አለባቸው፤ አዲሱ ኪኒን እውነት ያድናል?

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ወጥተዋል። የዛሬ 13 ዓመት ገደማ ለሌላ ነገር ሲመረመሩ የጉበት ቫይረስ ሲ አለብዎት ተባሉ። ያኔ የነበረው ሕክምና በየሳምንቱ የሚወጉት ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነው፤ ከሪባቪሪን ኪኒን ጋር እስከ 48 ሳምንት ይወስዳል። ዋጋውን ሰሙ፣ የጀመረ ጓደኛቸው ደግሞ ትኩሳቱንና ድብርቱን ነገራቸው፣ "ይቅርብኝ፣ እሱ ያውቃል" ብለው ተዉት። ባለፈው ወር የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ደም ሲመረመሩ ያው ሲ ፖዘቲቭ ወጣ። አሁን መርፌው ቀርቶ የ3 ወር ኪኒን ብቻ ነው ይላሉ። እውነት ነው? እዚህስ ይገኛል? ጠዋት ጠዋት ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል ይወስዳሉ፣ ግፊትም አለባቸው።

ሌላው ደግሞ፣ እናቴ ውጤቱን ከሰማች ወዲህ የአባቴን ሳህንና ብርጭቆ ለይታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋለች። አባቴ አይተው ምንም አላሉም። እኔን ግን ከበሽታው የበለጠ ያመመኝ እሱ ነው።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ከሳህኑ ልጀምር። ሲ የሚተላለፈው በደም ነው። በጉርሻ፣ በአንድ መሶብ በመብላት፣ በመሳሳም፣ በሳል አይተላለፍም። ለብቻ መሆን ያለበት ምላጫቸው፣ የጥፍር መቁረጫቸውና የጥርስ ብሩሻቸው ነው። ሳህኑን ዛሬውኑ ወደ ቦታው መልሰው። እናትህም አንዴ ይመርመሩ፤ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፣ በሳቸው ዘመን በአንድ መርፌ ስንቱ ሰው ይወጋ እንደነበር እናውቃለን።

የፒያሳው ፋርማሲስት
እውነት ነው። በኪኒኖቹ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል፤ "ይቆጣጠረዋል" አላልኩም፣ ቫይረሱ ከደም ይጠፋል። ግን ኪኒን ፍለጋ ከመሮጥህ በፊት ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው፣ ያ ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካሉን ብቻ ነው፣ ማለትም ሰውነታቸው ቫይረሱን አንድ ቀን አግኝቶት ያውቃል። ከተያዙት መካከል ከ100 ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ያጠፉታል፣ ምርመራው ግን ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቫይረሱ አሁንም መኖሩን የሚለየው ፒሲአር ነው፣ ቫይራል ሎድ የሚሉት። እሱ ሳይሠራ መድኃኒት የሚሸጥልህ ሰው ካለ ተመለስ።

ሁለተኛው ጉበት ቢ ነው። ቢም ሲም ያለበት ሰው የሲን ኪኒን ሲጀምር ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል፣ ጉበትንም ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ቢ ሳይመረመር አይጀመርም።

ሦስተኛው ያ ኦሜፕራዞል። እንኳን ጻፍከው! አሁን በብዛት የሚታዘዘው ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር በአንድ ፍሬ የተጣመሩበት ነው፤ የቫይረሱን ዓይነት መለየት አያስፈልገውም፣ እኛ አገር የሚበዛውን ዓይነት 4ንም ይይዛል። ቬልፓታስቪር ግን ጨጓራ ውስጥ አሲድ ካላገኘ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ኦሜፕራዞል ደግሞ ሥራው አሲድ መቀነስ ነው። ሰው "ተራ የጨጓራ መድኃኒት" እያለ አይናገረውም፣ ሕክምናው ሲከሽፍ ይገርመዋል። ለሐኪሙ ይንገሩ፦ ወይ ያቆሙላቸዋል፣ ወይ ሰዓቱን ያስተካክሉላቸዋል፣ ወይ ዳክላታስቪር ያለበትን ይመርጡላቸዋል። የሚጠጣ የቃር መድኃኒትም ቢሆን በ4 ሰዓት ይራቅ። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘህላቸው ሂድ፣ የግፊቱንም የኮሌስትሮሉንም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን በተለይ አደገኛ ናቸው።

ጨርሻለሁ ተመስገን
እኔ የዳንኩት በዚሁ ነው። ሪፈር አጽፌ ጥቁር አንበሳ የጉበት ክትትል ገባሁ፤ ቀጠሮው ይርቃል፣ ታገስ። አንድ ብልቃጥ 28 ፍሬ ነው፣ 3 ብልቃጥ፣ 84 ፍሬ። ምክሬ፦ ሦስቱን ብልቃጥ እጅህ ሳታስገባ አያስጀምሯቸው። እኔ ሁለተኛውን ስጨርስ ሦስተኛው ከገበያ ጠፍቶ ከስታዲየም እስከ መርካቶ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬያለሁ፤ የተገኘው አንድ ፍሬ ሲቀረኝ ነው።

የምወስደው ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዜናው ሲጀምር ነበር። ጾም ስለማይነካ ነው፤ ሁዳዴ ውስጥ ነው የጀመርኩት። በሩ ጀርባ ያለው የማርያም ካሌንደር ላይ በየቀኑ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ራስ ምታትና ድካም ነበረኝ፣ ከዚያ ምንም። ከጨረስኩ ከ12 ሳምንት በኋላ ፒሲአር ተሠራ፣ ቫይረስ የለም ተባልኩ። "ድኛለሁ" የሚባለው ያኔ ነው፣ ኪኒኑ ያለቀ ዕለት አይደለም።

የባህል ሕክምና
ወንድሜ በኪኒን አትጨነቅ፣ ለወፍ በሽታ የሚሆን ሥር አለኝ፣ በ7 ቀን ያስወጣዋል። በውስጥ ጻፍልኝ።

ነርሷ
ወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ አብዛኛው ሲ ያለበት ሰው ለዓመታት ዓይኑም አይቀየር፣ ምንም አይታየው። ምኑን ነው የምታስወጣው? ጉበት የሚጎዳ ሥር ጠጥተው የመጡ ሰዎች አስታምሜያለሁ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ። ጠጅና አረቄ በቃ። ቡና ይጠጡ፣ ለጉበት እንዲያውም ጥሩ ነው።

ዳር ተመልካች
ለአባትህ ተስፋ ከሆነ ይህን ንገራቸው። ሶፎስቡቪር እንደ ፈረንጆቹ በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር ነበር፣ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር! በ2014 አምራቹ ጊልያድ ለህንድ ፋብሪካዎች ፈቃድ ሰጠ፣ ኢትዮጵያም እንዲሸጥባቸው ከተፈቀዱት 91 አገሮች አንዷ ሆነች፤ ዋጋውም ወረደ። ግብፅ፣ በዚህ በሽታ ከዓለም ቀዳሚ የነበረችው፣ በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መርምራ ታማሚዎቿን በነፃ አከመች። ክትባት ግን እስከ ዛሬ የለውም፣ ያለው ለቢ ነው። የዳነ ሰውም ዳግም ሊያዝ ይችላል።

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)
ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ፒሲአሩ ቫይረሱ እንዳለ አሳየ፣ ቢ የለም፣ አልትራሳውንዱም ጉበታቸው ጠባሳ እንደሌለው አሳየ። ኦሜፕራዞሉን አስቆሟቸው፣ ሦስቱንም ብልቃጥ ገዝተን ማታ ሁለት ሰዓት ጀመሩ። ውሃውን የምታቀርበው እናቴ ናት፣ ሳህኑም ወርዷል። አሁን አንድ ነገር፦ ትናንት ለቅሶ ቤት አምሽተው ረሱት፣ ትዝ ያላቸው ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ምን እናድርግ?

የፒያሳው ፋርማሲስት
ከመውሰጃው ሰዓት 18 ሰዓት ካላለፈ አሁኑኑ ይዋጡት፣ እናንተ ገና 11 ሰዓታችሁ ነው። የዛሬ ማታውን በተለመደው ሰዓት ይቀጥሉ። 18 ሰዓት አልፎ ቢሆን ይዘሉት ነበር። ሁለት አንድ ላይ ግን በምንም መንገድ አይዋጥ። ለቅሶ ሲሄዱ አንድ ፍሬ ኪሳቸው ውስጥ ክተትላቸው።