የኢንሱሊን ፔን ባርኮድ አስቸግሮናል፤ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ሰላም ባልደረቦች። የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ነኝ። ኢንሱሊን ስንሰጥ ትክክለኛው መድኃኒት ለትክክለኛው ታካሚ መሆኑን የምናረጋግጥበትን ባርኮድ ስካን ሳናደርግ የምናልፈው በዝቷል። ስንፍና ግን አይደለም።

ፔኑ (ኢንሱሊን የያዘው፣ እስክሪብቶ የሚመስለው መውጊያ) ቀጭንና ክብ ነው። ፋርማሲ የሚለጥፈው ባርኮድ ዙሪያውን ይጠመጠምና ስካነሩ ግማሹን ብቻ ያያል። ትናንት ማታ አንዱን ፔን ስድስት ጊዜ አገላበጥኩት። ጢጥ አይልም! ታካሚው እራቱን ጀምሯል፣ ስኳሩ ከተለካም ቆይቷል። በመጨረሻ የባርኮዱን ቁጥር በእጄ ጽፌ አስገብቼ ወጋሁት።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስካነሩ የፋብሪካውን ባርኮድ ካነበበ፣ መድኃኒቱን እንጂ ፔኑ የማን እንደሆነ አይነግረንም። መርፌው ቢቀየር እንኳ አንድ ፔን ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። አንድ ዓይነት ፔን ያላቸው ሁለት ታካሚዎች ጎን ለጎን ሲተኙ ልቤ አያርፍም። የታካሚው ስም የሚለጠፈው ክዳኑ ላይ ነው፤ ክዳን ደግሞ ይቀያየራል።

ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥም አለን። መድኃኒት ክፍል ውስጥ እንቀዳለን፣ አልጋው ጋ የሚደርሰው ሲሪንጁ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን የባርኮዱን ኮፒ ጠረጴዛ ላይ ለጥፈን እሱን ስካን እናደርጋለን (አዎ፣ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ)።

ባርኮዱን በፔኑ ቁመት ለጥፋችሁ የሞከራችሁ አላችሁ? የዩኒቱን (የመጠኑን) ቁጥር የሚያሳየውን መስኮት ሳይሸፍን የት ይለጠፍ? ለተቀዳ ሲሪንጅስ ምን ታደርጋላችሁ? ስልጠና ውሰዱ ብቻ እንዳትሉኝ፤ ሁለቴ ወስደናል።